መስኮቱን ማን ከፈተው? ስለ ቫምፓየር ተጠቂዎች ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። እኔና እህቴ የቫምፓየር ፊልም አያመልጠንም፤ ግን ሁሌ የሚያናድደን ነገር አለ። ተጠቂዋ ለምንድን ነው ራሷ ተነሥታ መስኮቱን የምትከፍትለት? ለምንስ ሁልጊዜ ወጣት ሴት ትሆናለች? አንዴ ከተነከሰች በኋላስ እንደ ተበዳይ ነው ወይስ እንደ ገዳይ የምናያት? ከመጻሕፍቱ ላንብብ ብል በየትኛው ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሰላም ለአንቺም ለእህትሽም። ንዴታችሁ ይገባኛል፤ ተጠቂዋ ግን አታናድድም። መስኮቱን ራሷ የምትከፍተው ሴት ከጥንት የመጣች አይደለችም፤ የፊልም ልጅ ናት። ተጠቂው ሁልጊዜ ወጣት ሴት መሆኑም የደራሲያን ምርጫ እንጂ የድሮው እምነት አይደለም። «ተበዳይ ወይስ ገዳይ?» ያልሽው ግን ከመጀመሪያው የነበረ፣ በእኛ ዘመንም ሰው ያስገደለ ጥያቄ ነውና ከእሱ ልነሣ።

ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አንድ የንባብ ዘዴ አለ። የቫምፓየር ታሪክ ስታነቡ ጥርሱን ተዉትና ቃሉን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ተከታተሉ እላቸዋለሁ። የሚናገረው ተጠቂው ነው? ሐኪሙ ነው? ወይስ ራሱ ቫምፓየሩ? ማን እንዲናገር እንደ ተፈቀደለት፣ ማንስ ዝም እንዲል እንደ ተደረገ ካየሽ በዳዩ ማን እንደ ሆነ ሳትደርሺበት አትቀሪም።

በ18ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሰሜናዊ ሰርቢያ ከኦቶማኖች እጅ ወጥታ በኦስትሪያ ሥር ነበረች። የቫምፓየርን ነገር በምዕራብ አውሮፓ ጋዜጦች ያስወሩት የኦስትሪያ ሹማምንት ከዚያ የላኳቸው ሪፖርቶች ናቸው። በ1725 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኪሲልየቮ በምትባል መንደር ፔታር ብላጎየቪች የሚባል ገበሬ ሞቶ ተቀበረ። ብዙም ሳይቆይ በስምንት ቀን ውስጥ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ፤ ሽማግሌም ወጣትም አለባቸው። ሁሉም ከመሞታቸው በፊት ብላጎየቪች በእንቅልፋቸው መጥቶ ላያቸው ላይ እንደ ተኛና ጉሮሯቸውን ይዞ እንዳነቃቸው ተናገሩ። ሚስቱ ደግሞ መጥቶ ጫማውን እንደ ጠየቃት ተናግራ መንደሩን ጥላ ሄደች። ረጅም ጥርስ የለም፤ አንገት ላይ ሁለት ቀዳዳ የለም፤ ጥቁር ካባ የለም። ሟቹ የሚመጣው ወደሚያውቃቸው፣ ወደ ቤተሰቡና ወደ ጎረቤቶቹ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ከአእምሮዬ የማትጠፋው ግን ከሌላ መንደር፣ ከሜድቬጃ የሆነች ሴት ናት። እዚያ በሦስት ወር ውስጥ 17 ሰዎች ስለሞቱ ዮሐን ፍሉኪንገር የሚባል የጦር ሐኪም እንዲያጣራ ተላከ። በ1732 መጀመሪያ ላይ የጻፈው ሪፖርት የቫምፓየርን ወሬ በመላው አውሮፓ ያዳረሰ ሰነድ ነው። ከሟቾቹ መካከል ስታኖይካ የምትባል የ20 ዓመት ባለትዳር አለች። የባሏ አባት ለሐኪሙ እንደ ነገረው በደኅና ተኝታ እኩለ ሌሊት ላይ እየጮኸች፣ እየተንቀጠቀጠች ተነሣች። ከዘጠኝ ሳምንት በፊት የሞተው ሚሎዬ አነቀኝ አለች። ደረቷን ክፉኛ ውጋት ያዛት፤ በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። እንግዲህ ተጠቂ የሚባል ሰው ካለ እሷ ናት። ነገር ግን መቃብሯ በ18ኛው ቀን ሲከፈት ፊቷ ቀይ፣ ሰውነቷ ትኩስ፣ ከቀኝ ጆሮዋ ሥር ጣት የሚያህል የበለዘ ምልክት ያለባት ሆና ተገኘች። ፍርዱ፦ እሷም ቫምፓየር ሆናለች። በቫምፓየርነት የተፈረደባቸው ሁሉ ራሳቸው ተቆርጦ፣ አካላቸው ተቃጥሎ አመዱ ሞራቫ ወንዝ ውስጥ ተበተነ። ከሦስት ሳምንት በፊት ከሳሽ የነበረችው ሴት በአስከሬኗ ተከሳሽ ሆነች። ለሦስተኛው ጥያቄሽ ከዚህ የሚበልጥ መልስ አላውቅም፤ ተበዳይና ገዳይ በአንድ መቃብር ውስጥ ነበሩ፣ የፈረዱባትም ምስክርነቷን የሰሙት ሰዎች ናቸው።

ሐኪሙ ውሸታም አልነበረም። ያየውን ጻፈ፤ ያየውን መተርጎም ነው ያቃተው። አስከሬን ሲበሰብስ በውስጡ አየር ይሞላና ይነፋል፤ ወፍሮ የተቀበረ ይመስላል። ያ አየር ከሳንባ ጠቆር ያለ ፈሳሽ ገፍቶ በአፍና በአፍንጫ ያወጣል፤ «የጠጣው ደም» የተባለው ይህ ነው። ላይኛው ቆዳ ሲገፈፍ ከሥሩ ቀላ ያለው ስለሚታይ አዲስ ቆዳ የበቀለ ይመስላል። ብርድ ባለበት አፈር ውስጥ ደግሞ መበስበሱ ይዘገያል። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ጉዳዩን በሐኪሟ በጌራርድ ቫን ስዊተን አስመርምራ በ1755 መቃብር እየከፈቱ አስከሬን መውጋትና ማቃጠልን በአዋጅ ከለከለች።

እዚህ ላይ ቡዳ ትዝ ሳይልሽ አልቀረም። ቡዳ ከመቃብር የተነሣ ሙት ሳይሆን በሕይወት ያለ ጎረቤት ስለሆነ ሁለቱን አንድ የሚያደርጓቸው ጽሑፎች አይጥሙኝም። የታማሚው ቃል ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራል። «ቡዳ በላው» የተባለ ሰው ይታጠናል፣ ይለፈልፋል፣ ማን እንደ በላው ይጠየቃል፣ ስም ይጠራል። የሚጠረጠረው ማን ነበር? ሸክላ ሠሪዋ፣ ብረት ቀጥቃጩ፣ በጎንደር በኩል ቤተ እስራኤላዊው። አንድ ሰው ታሞ ይጮሃል፤ በዚያ ጩኸት ሌላ ሰው፣ በጤናውና በሥራው ላይ ያለ፣ ተጠቂ ይሆናል። ሚሎዬ ሞቶ ስለነበር ከዚህ ሁሉ ተርፏል ማለት ይቻላል።

ነገሩ የጥንት መንደር ጉዳይ ብቻ እንዳይመስልሽ ደግሞ አሜሪካን ላንሣ። ሮድ አይላንድ ውስጥ ኤክሰተር በምትባል የገጠር ከተማ የብራውን ቤተሰብን የሳንባ ነቀርሳ ጨረሰው። እናትየዋ በ1883 መጨረሻ ሞተች፣ ከወራት በኋላ ትልቋ ልጅ ተከተለች፣ በጥር 1892 ደግሞ የ19 ዓመቷ ሜርሲ። ወንድሟ ኤድዊን እየተመናመነ ስለነበር ጎረቤቶች «ከሞቱት አንዷ ናት የምትመጠምጠው» አሉ። አባትየው ባያምንበትም ገፋፍተው አስፈቀዱት። መጋቢት ላይ ሬሳዎቹ ሲታዩ የእናትና የታላቅ እህት አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ሜርሲ ግን አልፈረሰችም። እንዴት ትፍረስ? የሞተችው በብርድ ወራት ነው፤ አስከሬኗም ያለው ከመሬት በላይ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነበር። የተገኘው ሐኪም ነቀርሳ ነው ቢልም ልቧና ጉበቷ ተቃጥሎ አመዱ ለኤድዊን በመድኃኒትነት ተሰጠው። ሁለት ወር ሳይሞላ ሞተ። ሮበርት ኮህ የነቀርሳን ባክቴሪያ ካገኘ ያኔ 10 ዓመት ሆኖታል። ስለ ኒው ኢንግላንድ ቫምፓየሮች የሚያወራ የ1896 የጋዜጣ ቁራጭ ደግሞ ድራኩላን በጻፈው በብራም ስቶከር ማስታወሻዎች መካከል ተገኝቷል።

ታዲያ ወጣቷ ቆንጆ ከየት መጣች? ቫምፓየሩ ከገበሬነት ወደ መኳንንትነት ሲሾም አብራው መጣች። በ1816 ገጣሚው ባይረን በጄኔቫ ሐይቅ አጠገብ ከእንግዶቹ ጋር ተቀምጦ እያንዳንዳችን የሚያስፈራ ታሪክ እንጻፍ አለ፤ ሜሪ ሼሊ ፍራንከንስታይንን የጀመረችው ያኔ ነው። የባይረን ሐኪም የነበረው የ20 ዓመቱ ጆን ፖሊዶሪም ከዚያ ጨዋታ ተነሥቶ ስለ ቫምፓየር አጭር ልቦለድ ጻፈ፤ በ1819 ሲታተም የባይረን ሥራ ተብሎ ወጣ። (ደራሲው የራሱን ሥራ የእኔ ነው እያለ መከራከር ነበረበት። ቫምፓየር የሚለው ማንን እንደ ነበር አንባቢ ይገምት።)

የፖሊዶሪ ቫምፓየር ሎርድ ሩትቨን ነው፤ በለንደን ሳሎኖች የሚዘዋወር፣ የገረጣ፣ ሁሉም የሚጋብዘው ጌታ። ተጠቂዎቹ ሴቶች ብቻ አይደሉም፤ በቁማር ጠረጴዛ የቤተሰብ አባቶችን ያራቁታል፣ ምጽዋት የሚሰጠውም ገንዘቡ ወደ ጥፋት ለሚነዳው ሰው ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የመሐላው ነገር ነው። ግሪክ አገር በሽፍቶች ቆስሎ ሊሞት ሲያጣጥር ወዳጁን ኦብሪን ስለ እኔ ለአንድ ዓመት ከአንድ ቀን ምንም አትናገርም ብሎ ያስምለዋል። ኦብሪ ለንደን ሲመለስ ሩትቨን በሕይወት ቆሞ ያገኘዋል፤ ይባስ ብሎ የገዛ እህቱን ሊያገባ። ኦብሪ ቃሉን ይጠብቃል። በጭንቀት ይታመማል፣ አብዷል ተብሎ ይዘጋበታል። የመሐላው ጊዜ አልፎ ሲናገር እህቱ በሠርጓ ሌሊት አልቃላታለች። በመንደሩ ታሪክ ተጠቂው ጮሆ ስም ይጠራ ነበር፤ በሳሎኑ ታሪክ የክብር ሰው ቃሉን ስለማያጥፍ ሴት ትሞታለች። ወጣት ሴት የምትመረጠውም በዋናነት ለዚህ ይመስለኛል፤ በዚያ ዘመን ልቦለድ ከሁሉ ያነሰ የሚነገራት፣ ሌሎች ስለ እሷ የሚመካከሩላት ሰው እሷ ናት።

የአየርላንዱ ሼሪዳን ለ ፋኑ በ1871 እና በ1872 ያሳተመው «ካርሚላ» ይህን ገለበጠው። ተራኪዋ ራሷ ተጠቂዋ ላውራ ናት፤ ቫምፓየሯም ሴት ናት። በኦስትሪያ ስቲሪያ ጫካ መካከል ከአባቷ ጋር ብቻዋን የምትኖር፣ ጓደኛ የናፈቃት ልጅ ናት። አንድ ሠረገላ ደጃቸው ላይ ይገለበጣል፤ አንዲት ወይዘሮ «የምቸኩልበት ጉዳይ አለኝ» ብላ የደከመች ልጇን ትታ ለመሄድ ትፈልጋለች፤ ላውራ አባቷን ትለምናለች። በሩ የተከፈተው በእንግዳ ተቀባይነት ነው፤ ይህን ለእህትሽ ንገሪልኝ። ላውራ ለካርሚላ ያላትን ስሜት ስትናገር ፍቅርና መጸየፍ አንድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱንም አትክድም። ከዓመታት በኋላ እንኳ የእግሯን ኮቴ የሰማች ይመስላታል።

እዚሁ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ከግንቡ ውጭ የገበሬ ሴቶች ልጆች አንድ በአንድ እየሞቱ ነው። የአንዷ ቀብር በአጠገባቸው ሲያልፍ ላውራ ከዝማሬው ጋር ታዜማለች፤ ካርሚላ ትቆጣለች፣ ስለ ገበሬዎች ራሴን አላስቸግርም ትላለች። ላውራን ለወራት ታባብላለች፤ ገበሬዎቹን በልታ ታልፋለች። ተጠቂም ደረጃ አለው ማለት ነው፤ ታሪክ የሚጻፍላት ሳሎን ያላት ናት። በስቶከር መጽሐፍም ልጇ የተወሰደባት ገበሬ ወደ ድራኩላ ግንብ መጥታ «ልጄን መልስልኝ» ብላ ትጮሃለች፤ ድራኩላ ተኩላዎች ጠርቶ ያስበላታል፤ ስሟንም ሳናውቀው ገጹ ይገለበጣል።

ድራኩላ በ1897 ለንደን ውስጥ ታተመ። አሁን ወደ መስኮቱ ደርሰናል። መጽሐፉን ሳያነቡ ፊልሙን ያዩ ሰዎች ሉሲ ዌስተንራ መስኮቷን ለድራኩላ የምትከፍት ቅብጥብጥ ልጅ ትመስላቸዋለች። ሉሲ በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች የመሄድ ችግር አለባት፤ መጀመሪያ የተጠቃችው ዊትቢ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ እንዲሁ ወጥታ ነው። ኋላ ሐኪሙ ቫን ሄልሲንግ ክፍሏን በነጭ ሽንኩርት አበባ ይሞላል፣ አንገቷም ላይ ያስርላታል። ለምን እንደ ሆነ ግን ለማንም አይናገርም። ማታ እናትየዋ ትገባለች፤ ክፍሉ ታፍኗል፣ ሽታው ከብዷል፤ ልጄ ትተንፍስ ብላ አበባውን ታነሣና መስኮቱን ትከፍታለች። ጠዋት ላይም ምን የመሰለ እንክብካቤ አደረግሁ ብላ በደስታ ትነግራቸዋለች! የእናትየዋ ልብ ደካማ ስለሆነ እንዳትደነግጥ ተብሎ ነው የተደበቃት። ሉሲም አልተነገራትም። መስኮቱን የከፈተችው እናት ናት፤ ያስከፈታት የሐኪሙ ዝምታ ነው።

«ካልተጋበዘ አይገባም» የሚለው ሕግም እዚሁ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ አንድ የቤቱ ሰው መጀመሪያ ግባ ሊለው ይገባል። የሉሲ ጓደኛ ወደሆነችው ወደ ሚና ሃርከር የሚያደርሰውን በር የከፈተው ማን ነው? ሚና አይደለችም። ሬንፊልድ የሚባል ወንድ፣ በአእምሮ ሕመምተኞች ሆስፒታል የተቆለፈበት ሰው ነው። ድራኩላ ብዙ ሕይወት ያላቸው ፍጥረታት እሰጥሃለሁ ብሎ አታለለው። ኋላ ሚና ስትገረጣ ሲያይ ገብቶት ቫምፓየሩን በባዶ እጁ ለመያዝ ታገለ፤ ተሰባብሮ ሞተ። ቀደም ሲል ከዚህ አስወጡኝ ብሎ ሲማጸን የሰማው አልነበረም፤ እብድ ነዋ።

ሚናስ? ድራኩላን የሚያሳድዱት ወንዶች እስከዚያ ድረስ ያገኙትን መረጃ ሁሉ በጽሕፈት መኪና የገለበጠችው፣ በቀን ቅደም ተከተል ያደራጀችው እሷ ናት። የባሏን ማስታወሻ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም ዶክተር ሲዋርድ በሰም ሲሊንደር የቀዳውን ድምፅ፣ የጋዜጣ ወሬውን ሁሉ። ያለ እሷ ማንም ከማንም ጋር ምን እንደሚያገናኘው አያውቅም ነበር። ሥራው ሲጠናቀቅ ወንዶቹ ተሰብስበው «ይህ ለሴት ይከብዳል፣ ከአሁን ወዲያ አንነግራትም» ይላሉ። አመስግነው ወደ መኝታዋ ይልኳታል። እነሱ ድራኩላ የሚተኛባቸውን ሳጥኖች ሲያሳድዱ በእነዚያው ሌሊቶች እሱ እሷን መጠጣት ይጀምራል። ተጠቂዎቹን ከዝምታ በላይ ያጋለጣቸው ነገር የለም ብዬ የምለው በዚህ ነው፤ ፖሊዶሪ በመሐላ ያደረገውን ስቶከር በርኅራኄ አደረገው።

እግረ መንገዴን፣ ሉሲን ለማዳን አራት ወንዶች ተራ በተራ ደማቸውን ይሰጧታል። ካርል ላንድሽታይነር የደም ዓይነቶችን ያገኘው መጽሐፉ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለሆነ ማንም ይስማማት አይስማማት የጠየቀ የለም። ሐኪም ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ ድራኩላን ነፃ ያወጡታል።

ሉሲ ከሞተች በኋላ ለንደን ሃምፕስቴድ አካባቢ ሕፃናትን የምታጠቃ ሆና ትነሣለች። ሊያገባት የነበረው አርተር ራሱ ችካሉን በልቧ ላይ በመዶሻ ይመታዋል፤ ሦስቱ ቆመው ይጸልያሉ። ከዚያ በኋላ ፊቷ ሰላም አገኘ ይላል ዶክተሩ። ይላል ዶክተሩ! ያን ትዕይንት የምናየው በሲዋርድ ቃል ብቻ ነው። የሉሲ የመጨረሻ ቃል የቀረልን ተኩላ መስኮቱን ሰብሮ እናቷ በድንጋጤ አጠገቧ በሞተችበት ሌሊት ብቻዋን ሆና በጻፈችው አንድ ወረቀት ላይ ነው፤ የጻፈችበትም ምክንያት በእኔ ሰበብ ማንም እንዳይጠየቅ የሚል ነው። የሜድቬጃዋ ስታኖይካ በመጨረሻ ቃሏ ሰው ከሰሰች፤ ሉሲ በመጨረሻ ቃሏ ሰዎችን ከክስ አዳነች። እኔ ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ያን ወረቀት ነው።

ሚና የዳነችው እንዴት ነው ትይኝ ይሆናል። የደረሰባትን በአፏ ትናገራለች፤ ሁሉም ሲያለቅሱ እሷ ዝርዝሩን ትሰጣለች። ከዚያ ወዲያ ምንም እንዳይደብቋት ታደርጋለች፤ በሃይፕኖሲስ አድርጋችሁ ጠይቁኝ የምትለውም እሷ ናት፤ ድራኩላ በመርከብ መሸሹ የታወቀው በዚህ ነው። እሱ ሰነዶቹን አግኝቶ ያቃጥላቸዋል፤ ግን ሌላ ቅጂ በካዝናው ውስጥ ነበር። ሚና ሌላም ትላለች፤ ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህን ሁሉ መከራ ያመጣው ያ ምስኪን ነፍስ ነውና በጥላቻ አታሳድዱት ትላቸዋለች። ድራኩላንም እንደ ተጠቂ ያየች የመጀመሪያዋ ሰው፣ ገና ደሙ ከአፏ ያልደረቀው እሷ ናት።

ፊልም ሲመጣ የሚና የጽሕፈት መኪና ቀረ። በ1922 የወጣው የሙርናው «ኖስፌራቱ» ከስቶከር ሚስት ፈቃድ ሳይጠየቅ የተሠራ ነው፤ ፍርድ ቤት ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ቢያዝም ጥቂቱ ተርፎ ደረሰን። ቫምፓየር በፀሐይ ብርሃን ይሞታል የሚለውም የዚህ ፊልም ፈጠራ ነው፤ የመጽሐፉ ድራኩላ በቀን ለንደን ይዘዋወራል። በኖስፌራቱ ኤለን የምትባለው ሴት ንጹሕ ሴት በፈቃዷ እስኪነጋ ብታቆየው ይጠፋል የሚል ታነባለች። ከዚያ መስኮቷን ትከፍታለች። አያችሁ? መስኮት ከፋቿ መጀመሪያ ጀግና ነበረች፤ ከተማዋን ከወረርሽኝ ለማዳን እያወቀች ነው የከፈተችው። በ1958 ክሪስቶፈር ሊ ድራኩላን ሆኖ በተጫወተበት ፊልም ሉሲ በሩን ትከፍታለች፣ መስቀሉን ከአንገቷ ታወልቃለች፣ አልጋዋ ላይ ተኝታ ትጠብቀዋለች። ከዚያ በኋላ የመጡት በመቶ የሚቆጠሩ ፊልሞች የገለበጡት ይህን ነው፤ እናንተን ያናደዳችሁም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ግብዣው ፈቃደኝነት፣ ፈቃደኝነቱም ጥፋት ሆነ። «እሷ ባትፈልግ ኖሮ» የሚለውን ክስ ከፊልም ውጭም ስለምንሰማው እኔንም ያናድደኛል።

በ1976 አን ራይስ «ኢንተርቪው ዊዝ ዘ ቫምፓየር» በተባለው ልቦለዷ ማይክሮፎኑን ለራሱ ለቫምፓየሩ ሰጠችው። ሉዊ በቴፕ እየተቀረፀ የሁለት መቶ ዓመት ኀዘኑን ይተርካል፤ የገደላቸው ሰዎች ግን ስም አልባ ሆነው ያልፋሉ። ቃለ መጠይቅ አድራጊው ወጣት ያን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ እኔንም አድርገኝ ይላል! የዚያ መጽሐፍ እውነተኛ ተጠቂ በአምስት ዓመቷ ቫምፓየር የተደረገችው ክላውዲያ ናት፤ አእምሮዋ ሲያድግ አካሏ ሕፃን ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ያደረጉባትን ሁለቱን ቫምፓየሮች ይቅር አትልም። ራይስ ይህን ከመጻፏ በፊት፣ በ1972፣ ትንሽ ልጇን በደም ካንሰር አጥታለች። «ትዋይላይት» የተባለውን ተከታታይ ልቦለድ ብዙ የሥነ ጽሑፍ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ቤላ የራሷን ታሪክ በራሷ አፍ መናገሯን አከብርላታለሁ። በታሪኩ ሲያትል ከተማ ውስጥ በቫምፓየሮች የተገደሉት የዜና ርዕስ ብቻ ሆነው መቅረታቸው ነው የማይጥመኝ። «ባፊ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ደግሞ ጨለማ ቅያስ ውስጥ ገብታ የምትሞተውን ልጅ አዳኝ አደረጋት፤ በ1997 ቴሌቪዥን ላይ ያ ቀላል ነገር አልነበረም።

ስለ ተጠቂነት ካነሣን ጥቁሮች የሠሯቸው ፊልሞች መታለፍ የለባቸውም። በ1972 ዊልያም ክሬን ባዘጋጀው «ብላኩላ» ማሙዋልዴ የሚባል አፍሪካዊ ልዑል በ1780 ከሚስቱ ጋር ወደ ድራኩላ ግንብ ይሄዳል፤ የባሪያ ንግድ እንዲቆም አግዘን ሊል። ድራኩላ ያዋርደዋል፣ ይነክሰዋል፣ ስሙን ነጥቆ የራሱን ስም ቅጥያ ይለጥፍበታል፣ በሣጥን ይዘጋበታል፤ ሚስቱ እዚያው አጠገቡ ትሞታለች። በርካሽ ገንዘብ የተሠራ ነው፣ ሜካፑ ያስቃል፤ ያ የመጀመሪያ ትዕይንት ግን አያስቅም። በ2025 የራያን ኩግለር «ሲነርስ» ውስጥም በ1932 ሚሲሲፒ፣ ጥቁሮች በሚጨፍሩበት ቤት ደጅ ላይ ቫምፓየሮች ግቡ እስኪባሉ ይቆማሉ። በመጨረሻ ግቡ የምትላቸው ግሬስ ልጇን እንደሚያጠቁባት ዝተውባት ነው። ከሉሲ እናት ወዲህ በሩን ያስከፈተው የእናት ፍቅር መሆኑ አልተለወጠም።

ከልቦለድ ውጭ ደግሞ፣ በቅኝ ግዛት ዘመን በናይሮቢና በካምፓላ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰው እየያዙ ደሙን ይቀዳሉ የሚል ወሬ ለረጅም ዘመን ይነገር ነበር። የታሪክ ተመራማሪዋ ሉዊዝ ዋይት በ2000 ባሳተመችው መጽሐፍ ውሸት ነው ብላ አልጣለችውም፤ ሰዎቹ ስለ ጉልበታቸውና ስለ አካላቸው ምን ይሰማቸው እንደ ነበር የሚናገሩበት ቋንቋ አድርጋ አነበበችው። በ2017 በደቡባዊ ማላዊ ተመሳሳይ ወሬ ሲነሣ ግን ደም መጣጭ ናችሁ የተባሉ ሰዎች በሕዝብ ተደብድበው ተገደሉ፤ የተባበሩት መንግሥታትም ሠራተኞቹን ከሁለት ወረዳዎች አስወጣ። የሞቱት በወሬው ውስጥ ገዳዮች የተባሉት ናቸው። ቀደም ብዬ ዛሬም ሰው የሚያስገድል ጥያቄ ነው ያልሁት ይህን ነው።

የንባቡን ነገር በተመለከተ በካርሚላ ጀምሪ፤ አጭር ነው፣ በሁለት ማታ ያልቃል። ድራኩላን ቀጥሎ ያዢ። ሁለቱም የባለቤትነት መብታቸው ጊዜው ስላለፈ በእንግሊዝኛ በነፃ ይገኛሉ። የድራኩላ መካከለኛ ክፍል ይጎተታልና እንዳትተዪው፤ የሉሲ ወረቀት በምዕራፍ 11 መጨረሻ፣ ሚና የደረሰባትን የምትናገርበት ደግሞ በምዕራፍ 21 ላይ ነው።